ስሜን፣ ባሌ ወይስ መንዝ ጓሳ፦ የደጋ ተራራ ጉዞ ለሚያስብ ሰው የቀረበ ንጽጽር

ክረምቱ አልፎ ሰማዩ መጥራት ሲጀምር፣ ተራራ መውጣት የሚያምራቸው ወዳጆቼና ዘመዶቼ በየዓመቱ አንድ ጥያቄ ያነሡልኛል፤ «ስሜን ይሻላል ወይስ ባሌ?» ይሉኛል። አብዛኞቹ መልሱ በከፍታ ወይም በዝና ተመዝኖ እንዲሰጣቸው ይጠብቃሉ፤ የትኛው ይበልጥ ከፍ ይላል፣ የትኛውስ ፎቶግራፍ ላይ ደምቆ ይወጣል እያሉ ያነጻጽራሉ። ሁለቱንም ቦታዎች ደጋግሜ ከረገጥኩ በኋላ የደረስኩበት እምነት ግን ምርጫውን ሦስት ነገሮች ሊወስኑት ይገባል የሚል ነው፤ እነርሱም በእጅ ያለው የቀን ብዛት፣ የተጓዡ ሰውነት የለመደው ከፍታ፣ እንዲሁም ሰውየው ቀኑን በምን ማሳለፍ እንደሚወድ ናቸው። በእነዚህ ሦስት ነገሮች ላይ ሳይመክሩ የተነሡ ሰዎች ደክመውና አዝነው ሲመለሱ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ፤ በአንጻሩ አቅማቸውን አውቀው የመረጡ ሰዎች ራስ ደጀንን ሳይወጡም ደስ ብሏቸው ተመልሰዋል።

ጥያቄውን ከሚያቀርቡልኝ ሰዎች መካከል አብዛኞቹ ከሦስትና ከአራት ቀን የበለጠ ዕረፍት ስለሌላቸው፣ በዚህ ንጽጽር ውስጥ ሦስተኛ አማራጭ አስገብቻለሁ። እርሱም በሰሜን ሸዋ የሚገኘው የመንዝ ጓሳ የማኅበረሰብ ጥብቅ ስፍራ ነው። ከሁለቱ ታላላቅ ፓርኮች ጋር ሲወዳደር ስፋቱ ትንሽ ነው፤ ይሁን እንጂ ለአንዳንድ ተጓዦች ከሁለቱም የሚሻለው እርሱ እንደሆነ ከዚህ በታች ለማስረዳት እሞክራለሁ።

ስሜን፦ በገደል አፋፍ ላይ መጓዝ

የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ጽሕፈት ቤት የሚገኘው ከጎንደር በስተሰሜን 100 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በምትገኘው በደባርቅ ከተማ ነው። ፓርኩ እ.ኤ.አ. በ1978 ዩኔስኮ የመጀመሪያዎቹን 12 የዓለም ቅርሶች ሲመዘግብ ከላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት ጋር አብሮ የተመዘገበ ስፍራ ነው። መሬቱ ከ30 ሚሊዮን ዓመታት ገደማ በፊት እየፈሰሰ በተነባበረ የእሳተ ገሞራ አለት የተሠራ ሲሆን፣ በሰሜን በኩል ያለው ጠርዙ በአንዳንድ ቦታ 1,500 ሜትር ያህል ቁልቁል ይወርዳል። የስሜን ጉዞ ዋናው ነገር ይህ አፋፍ ነው። መንገደኛው ለቀናት ገደሉን በአንድ ጎኑ ይዞ ይሄዳል፤ ከሥሩ እንደ ግንብና እንደ አምድ የቆሙ ተራሮች፣ ከእነርሱም ማዶ በጭጋግ የተሸፈነው ቆላ ይታየዋል።

ይህን በቃል ከማብራራት አንድ ጠዋት ያየሁትን ብናገር ይሻላል። 3,926 ሜትር ከፍታ ባለው በእሜት ጎጎ ጫፍ ላይ ፀሐይዋ ገና ስትወጣ ተቀምጬ ነበር። ጭላዳ ዝንጀሮዎች ሌሊቱን የሚያሳልፉት ነብርና ጅብ በማይደርስባቸው የገደል ደረቶች ላይ ተጣብቀው በመሆኑ፣ መጀመሪያ የደረሰኝ ድምፃቸው ነበር፤ ከእግሬ በታች፣ ከማይታይ ቦታ፣ ማጉረምረምና ጩኸት ይሰማል። ከዚያ አንድ ትልቅ ወንድ ጋማውን ነፋስ እየበተነው አፋፉ ላይ ብቅ አለ፤ እርሱን ተከትለው ግልገሎቻቸውን በጀርባቸው ያዘሉ እናቶች ወጡ። ለጥቂት ጊዜ ፊታቸውን ወደ ፀሐይ መልሰው ከሞቁ በኋላ ሁሉም ባሉበት ቁጭ ብለው በሁለት እጃቸው ሣር መንጨት ጀመሩ። በዚያ ጸጥታ ውስጥ መቶ የሚሆኑ ዝንጀሮዎች ሣር ሲነጩ የሚሰማው ድምፅ፣ ብዙ ሰው ማሳ ውስጥ ገብቶ የሚያጭድ ያስመስለዋል። ወዲያው አጥንት ከሰማይ ጥሎ የሚሰብረው ትልቁ ጥንብ አንሳ በፊቴ አለፈ፤ ያለፈው ግን ከእኔ በታች ስለነበር የተመለከትኩት ሆዱን ሳይሆን ጀርባውን ነው።

የተለመደው የእግር ጉዞ ከሳንቃበር ወደ ግጭ፣ ከግጭ በእሜት ጎጎ በኩል ወደ ጨነቅ የሚወስደው ሲሆን፣ ለዚህ ሦስት ሌሊት ይበቃል። በመንገዱ ላይ የጅንባር ወንዝ ወደ ጥልቅ ሸለቆ ሲወረወር ይታያል። ራስ ደጀንን ጨምሮ መመለስ የሚፈልግ ግን ሳምንት ሊመድብ ይገባል፤ ምክንያቱም ካርታ ላይ ቅርብ የሚመስለው መንገድ እጅግ የሚያደክም ነው። 3,620 ሜትር ላይ ካለው ከጨነቅ ተነሥቶ ቧሒት አጠገብ እስከ 4,200 ሜትር ይወጣል፤ ከዚያ 2,800 ሜትር ላይ እስከሚገኘው እስከ መሸሃ ወንዝ ይወርዳል፤ ከወንዙ እንደገና 3,200 ሜትር ላይ ወዳለው ወደ አምቢቆ ይወጣል። ይህ ሁሉ የአንድ ቀን መንገድ ነው። በማግሥቱ ሌሊት ተነሥቶ ከ1,300 ሜትር በላይ ሽቅብ ወጥቶ መመለስ ይጠብቃል። በትምህርት ቤት 4,620 ሜትር ተብሎ የተማርነው ራስ ደጀን በኋላ በተደረጉ ልኬቶች 4,550 ሜትር ገደማ ሆኖ ተገኝቷል፤ የአገሪቱ ከፍተኛ ተራራነቱ ግን አልተለወጠም። ሆኖም በግሌ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ስሜን የሚሄድ ሰው ቀኑን ለራስ ደጀን ከሚያውል ይልቅ በግጭና በጨነቅ ሁለት ሁለት ሌሊት ቢያድር እመርጣለሁ። ከጫፉ የሚታየው ሰፊ ቢሆንም፣ ስሜንን ስሜን ያሰኘው ያ ታላቅ ገደል በቅርብ የሚታየው ከእሜት ጎጎ ነው።

መራመድ የማይችሉ ሽማግሌዎች ወይም ልጆች አብረው ካሉ ተስፋ መቁረጥ አያስፈልግም። የመኪና መንገዱ በሳንቃበር በኩል እስከ ጨነቅ ስለሚደርስ፣ ዋልያንም ሆነ ጭላዳን ከመኪና ወርዶ ጥቂት ብቻ በመራመድ ማየት ይቻላል።

ባሌ፦ በአንድ ቀን ውስጥ ብዙ አገር ማየት

ባሌ ሲደርሱ ገደል ፍለጋ ዐይንን ማንከራተት ስሕተት ነው፤ የባሌ ሀብት ስፋቱና የመሬቱ መለዋወጥ ነው። የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ እ.ኤ.አ. በ1970 የተቋቋመ ሲሆን ስፋቱ 2,150 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው ግን ከስሜን 45 ዓመት ዘግይቶ፣ እ.ኤ.አ. በ2023 ነው። ጠዋት ዲንሾ አጠገብ ባለው በጋይሳይ ሜዳ የደጋ አጋዘን ሲግጥ ያየ ሰው፣ በጎባ በኩል ወደ ሳነቴ አምባ ወጥቶ ቀኑን ከ4,000 ሜትር በላይ በብርድና በነፋስ መካከል አሳልፎ፣ ከሰዓት በኋላ ወደ ሐረና ደን ወርዶ በሽበት የተሸፈኑ የሚመስሉ ዛፎች ሥር፣ የጫካ ቡና በሚበቅልበት ሙቀት ውስጥ ሊቆም ይችላል። ከጎባ ወደ ደሎ መና የሚወስደው ይህ መንገድ በአፍሪካ በከፍታቸው ከሚታወቁ የመኪና መንገዶች ቀዳሚው ተደርጎ ይጠቀሳል።

ለንጽጽራችን ትልቅ ልዩነት የሚያመጣው ይህ መንገድ ነው። 4,377 ሜትር ከፍታ ያለው ቱሉ ዲምቱ፣ ስሙ በኦሮምኛ «ቀይ ኮረብታ» ማለት ሲሆን፣ እስከ ጫፉ ድረስ መኪና ይወጣዋል። በስሜን እንዲህ ያለ ከፍታ ላይ ለመድረስ በእግር መውጣት የግድ ነው፤ በባሌ ግን ጉልበቱ የደከመ ሰውም ቀይ ቀበሮ ሲያድን በዐይኑ ሊያይ ይችላል። ለተራማጅ ይህ ድክመት ሊመስለው ስለሚችል መልሱን እዚሁ ልስጥ፤ ባሌን በእግርና በፈረስ መዞር የሚፈልግ ሰው ከዲንሾ ተነሥቶ በዌብ ሸለቆ በኩል ለአራትና ለአምስት ቀን መጓዝ ይችላል፤ አካሄዱም ከስሜን ይልቅ የተስተካከለ፣ ወጣ ገባነቱ ያነሰ ነው። በስሜን ጭነት የሚሸከመው በቅሎ ሲሆን በባሌ ግን ፈረስ ነው፤ የባሌ ሰው ፈረሰኛነት የታወቀ ስለሆነ፣ መንገደኛው ራሱም ፈረስ ላይ ተቀምጦ መጓዝ ይችላል።

ሳነቴ ላይ ትዕግሥት ያለው ሰው የሚያየው አንድ ትዕይንት አለ። በባሌ ብቻ የሚገኝ፣ አንድ ኪሎ ግራም ሊደርስ የሚችል ትልቅ ፍልፈል ከጉድጓዱ አንገቱን አውጥቶ በዙሪያው ያለውን ቅጠል ይለቅማል። ከጎኑ አንዲት ትንሽ ወፍ ፍልፈሉ የቆፈረውን አፈር ትጭራለች። ከዚያ ራቅ ብሎ ቀይ ቀበሮ ሆዱን መሬት ላይ አስጠግቶ፣ ፍልፈሉ ጭንቅላቱን ሲያስገባ እየተራመደ፣ ሲያወጣ ደግሞ ባለበት እየደረቀ ይቀርባል። ከመኪና ሳልወርድ ይህን ሩብ ሰዓት ያህል ተመልክቻለሁ፤ በመጨረሻ ፍልፈሉ አመለጠ። በዚያው ተራራ በፊንጫ ሀበራ የዋሻ ጥላ ሥር እ.ኤ.አ. በ2019 ይፋ የሆነ የቁፋሮ ጥናት፣ ሰዎች ከ47,000 እስከ 31,000 ዓመታት በፊት በዚያ ከፍታ ይኖሩ እንደነበርና ይህንኑ ፍልፈል እየጠበሱ ይበሉ እንደነበር አረጋግጧል። የቀበሮው ቀለብ የእነዚያም ሰዎች ቀለብ ነበር ማለት ነው።

ባሌ ድረስ የሄደ ሰው አንድ ቀን ማትረፍ ከቻለ ሶፍ ዑመር ዋሻን እንዳያልፈው እመክራለሁ። ከጎባ ወደ ምሥራቅ ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ የሚርቅ ሲሆን፣ የወይብ ወንዝ የኖራ ድንጋዩን ቦርቡሮ ከ15 ኪሎ ሜትር የሚበልጥ ዋሻ ሠርቷል። ስፍራው በሼክ ሶፍ ዑመር የተሰየመና ለሙስሊሞች የተቀደሰ በመሆኑ በአክብሮት ሊገባበት ይገባል።

መንዝ ጓሳ፦ ትንሽ ቀን ላለው ሰው

ጓሳ ከአዲስ አበባ በደብረ ብርሃንና በጣርማ በር በኩል 260 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። ከ3,200 ሜትር በላይ የተዘረጋ፣ በስተምሥራቅ ወደ ስምጥ ሸለቆና ወደ አፋር ቆላ ቁልቁል የሚያይ የሣር ምድር ነው። ስሙን ያገኘው ከሚበቅልበት ሣር ነው፤ ጓሳ ለቤት ክዳን፣ ለገመድና ለዝናብ መከላከያ ልብስ የሚውል ጠንካራ ሣር ነው።

ስፍራው ከሌሎቹ ጋር የሚወዳደርበት ትልቁ ነገር መልክዓ ምድሩ ሳይሆን አጠባበቁ ነው ብዬ አምናለሁ። የመንዝ ሰዎች ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ቄሮ በሚባል ሥርዓት፣ ራሳቸው በመረጡት አለቃ እየተመሩ ጓሳውን ለዓመታት ዘግተው ያቆዩት፣ ሣሩ ሲደርስ ከፍተው በጋራ ያጭዱት ነበር። በ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ሲወጣ የጥንቱ ሥርዓት ተናጋ፤ ማኅበረሰቡ ግን በሌላ መልክ መልሶ አቋቋመው፤ ዛሬም ስፍራው የሚጠበቀው በአካባቢው ሰዎች ነው። እዚያ የሚያድር ሰው የሚከፍለው ገንዘብ ለእነርሱ ይደርሳል፤ ከአስጎብኚው ጋር ሲሄድም አያቱ ጓሳውን ይጠብቁ ከነበሩ ሰው ጋር ሊሆን ይችላል።

ጭላዳ በብዛት አለ፤ ቀይ ቀበሮም በጥቂቱ ይገኛል። ጎብኚው በጣም ጥቂት ስለሆነ፣ ከሦስቱ ስፍራዎች ብቻውን ሆኖ ጸጥታ ለሚፈልግ ሰው የሚመረጠው ይህ ነው። ማረፊያው ቀላል ስለሆነ ምግብና ወፍራም የመኝታ ከረጢት ይዞ መሄድ ይገባል።

እንስሳትን አስቀድሞ ለሚመርጥ

እዚህ ላይ ምርጫው ቀላል ነው። ዋልያ በምድር ላይ የሚገኘው በስሜን ብቻ ነው፤ ቁጥሩም በጥቂት መቶዎች የሚቆጠር ስለሆነ ሊያየው የሚፈልግ ሌላ አማራጭ የለውም፤ ጨነቅ አካባቢ ጠዋትና ማታ ገደል ገደሉን መቃኘት ነው። ከጉልምስና የደረሱት ቀይ ቀበሮዎች በዓለም ላይ ከ500 በታች ሲሆኑ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት በባሌ ይኖራሉ፤ ስለዚህ ቀበሮ ለማየት የሚሄድ ሰው ወደ ሳነቴ ይሂድ። በስሜን ለአምስት ቀን ተጉዞ አንድም ቀበሮ ሳያይ የተመለሰ ሰው ብዙ ነው። የደጋ አጋዘንም ከስምጥ ሸለቆ በስተምሥራቅ ባሉት ደጋዎች ብቻ የሚኖር በመሆኑ ዲንሾ ላይ ያለ ብዙ ድካም ይታያል። ጭላዳ ግን ባሌ ፓርክ ውስጥ የለም፤ በስሜንና በጓሳ ነው የሚገኘው።

አንድ ነገር አጥብቄ አሳስባለሁ፤ ውሻ ይዞ ወደ እነዚህ ስፍራዎች መሄድ አይገባም። እ.ኤ.አ. በ2003 በዌብ ሸለቆ የገባው የእብድ ውሻ በሽታ ከቤት ውሾች የመጣ ሲሆን፣ በዚያ ሸለቆ ከነበሩት ቀበሮዎች አብዛኞቹን ፈጅቷል።

ከፍታና እንቅልፍ

ስለ ከፍታ የሚነገረው ሁሉ የጫፍ ቁጥር ስለሆነ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ሰውነት የሚጎዳው በአብዛኛው ቀን በደረሱበት ከፍታ ሳይሆን ሌሊት በሚያድሩበት ነው። ሐኪሞች የሚመክሩት፣ ከ3,000 ሜትር በላይ ሲሆኑ የማደሪያው ከፍታ በአንድ ሌሊት ከ500 ሜትር በላይ እንዳይጨምር ነው። በ4,000 ሜትር ላይ በአንድ ትንፋሽ የሚገባው ኦክስጅን በባሕር ወለል ከሚገባው 60 በመቶ ያህሉ ብቻ ነው።

ለመጀመሪያ ጊዜ ስሜን ስሄድ ይህን አላከበርኩም። ጠዋት ጎንደር ደርሼ፣ ማታውኑ 3,250 ሜትር ላይ ባለው በሳንቃበር አደርኩ። ሌሊቱን ራሴን እየፈለጠኝ፣ እያቅለሸለሸኝ፣ ድንኳኑ ውስጥ ተቀምጬ ነጋ፤ የመጀመሪያው ቀን ጉዞ ሙሉ በሙሉ ጠፋብኝ። ከዚያ ወዲህ ደባርቅ ሳላድር ወደ ፓርኩ ገብቼ አላውቅም። ደባርቅ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ አንድ ሌሊት እዚያ ማደር ሰውነትን ያለማምዳል። ወደ ጓሳ ለሚሄድም ደብረ ብርሃን ተመሳሳይ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ እንደዚሁ ታገለግላለች። በዚህ ረገድ ከሁሉ የሚመቸው ባሌ ነው፤ በጎባ ወይም በዲንሾ እያደሩ ሳነቴን በቀን ብቻ ወጥቶ መመለስ ስለሚቻል፣ ለከፍታ ያልተዘጋጀ ሰው የሚደርስበት ጉዳት አነስተኛ ነው። ራስ ምታቱ የማይለቀው፣ ተቀምጦ ሳለ ትንፋሽ የሚያጥረው ወይም እንደ ሰከረ የሚንገዳገድ ሰው ካለ ግን ሌሊትም ቢሆን ወደ ታች ማውረድ ያስፈልጋል፤ እስኪነጋ መጠበቅ ሕይወት ያስከፍላል።

የጉዞ ወቅትና ርቀት

በስሜን ከሰኔ እስከ መስከረም አጋማሽ የሚወርደው ዝናብና ጭጋግ አፋፉን ስለሚሸፍን፣ ከመስከረም መጨረሻ እስከ ኅዳር ያለው ጊዜ ይመረጣል፤ ሣሩ ገና አረንጓዴ ነው፣ ሰማዩም ጥርት ያለ ነው። በጓሳም ጊዜው ተመሳሳይ ነው። በባሌ ግን ዝናቡ ከመጋቢት እስከ ጥቅምት እየተመላለሰ ስለሚዘንብ፣ ከኅዳር እስከ የካቲት ያለውን ጊዜ መምረጥ ይሻላል። በስሜን የለመደ ሰው «መስከረም ሁሌም ጥሩ ነው» ብሎ ባሌ ሄዶ ጭቃ ላይ ድንኳን ሊተክል ይችላል። በታኅሣሥና በጥር በሦስቱም ስፍራዎች ሌሊቱ ከዜሮ ዲግሪ በታች ይወርዳል፤ ጠዋት የውሃ ጠርሙስ ረግቶ ማግኘት የተለመደ ነው።

ርቀትን በተመለከተ፣ ዲንሾ ከአዲስ አበባ በሻሸመኔ በኩል 400 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሆነ አንድ ሙሉ ቀን ይወስዳል። ስሜን በመኪና ሁለት ቀን የሚፈጅ በመሆኑ፣ ቀን የሚያሳጥር ሰው እስከ ጎንደር በአውሮፕላን መሄዱ ይመረጣል። መሄጃና መመለሻው ሲደመር፣ ለስሜን ከስድስት ቀን በታች፣ ለባሌ ከአምስት ቀን በታች ያለው ሰው ጓሳን ቢመርጥ ደክሞ ከመመለስ ይድናል።

አስጎብኚ፣ እሳትና የአካባቢው ሰው

በስሜን ከፓርኩ ጽሕፈት ቤት የሚመደብ መሣሪያ የያዘ ስካውት ማስከተል ግዴታ ነው። ባለ በቅሎና ምግብ አብሳይም እዚያው ደባርቅ ይገኛሉ። ክፍያው በየጊዜው ስለሚለዋወጥና ለኢትዮጵያዊ ዝቅ ያለ ስለሆነ፣ ዋጋውን ከጽሕፈት ቤቱ ጠይቆ፣ የእያንዳንዱን ሰው የቀን አበል ከመነሣት በፊት በግልጽ መስማማት ይገባል። እንዲህ ባለመደረጉ በመጨረሻው ቀን የሚነሣው ክርክር ጥሩ የነበረውን ጉዞ ሲያበላሽ አይቻለሁ፤ ብዙውን ጊዜ የሚጎዳውም ባለ በቅሎው ነው። ባለ በቅሎው የራሱን ስንቅና ብርድ ልብስ ይዞ መምጣቱን ማረጋገጥም የተጓዡ ኀላፊነት ነው። በባሌ ኦሮምኛ የማይችል ሰው ቋንቋውን የሚያውቅ አስጎብኚ ቢይዝ፣ ከእረኞችና ከንብ አንቢዎች ጋር የሚያደርገው ጨዋታ ጉዞውን እጅግ ያዳብረዋል።

ድንኳን አጠገብ እሳት ማንደድን አጥብቄ እቃወማለሁ። አስታ ዘይት ያለው ቁጥቋጦ ስለሆነ አንድ ጊዜ ከተያያዘ የሚመልሰው የለም፤ በ2011 ዓ.ም. መጋቢትና ሚያዝያ በስሜን የተነሣው ቃጠሎ ለቀናት ሳይጠፋ ቆይቶ ብዙ ሣርና ደን በልቷል። የጋዝ ምድጃ ቀላል ነው፣ ከእንጨትም ፈጥኖ ያበስላል። ጅብራን መቁረጥና ለፎቶግራፍ መደገፍም እንዲሁ ሊተው ይገባል፤ ተክሉ አድጎ አንድ ጊዜ እስኪያብብ ብዙ ዓመት ይፈጅበታል፣ ካበበ በኋላም ይሞታል። ስሜን እ.ኤ.አ. በ1996 በአደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች መዝገብ ገብቶ የወጣው በ2017 ነው። መሬቱ እንዲያገግም የግጭ መንደር ነዋሪዎች ቀዬአቸውን ለቀው ወደ ደባርቅ ተዛውረዋል። እነርሱ ይህን ያህል ዋጋ በከፈሉበት ሣር ላይ ከመንገድ ወጥቶ መሄድ ለእኔ ነውር ነው።

ለማን የትኛው

ሁለት ጉልበቱ የሚታመንበት፣ ሳምንት ያለው፣ በእግሩ መሄድ የሚወድ ሰው ስሜን ይሂድ። ቤተሰብ ይዞ የሚጓዝ፣ አረጋውያን ወይም ልጆች አብረውት ያሉ፣ ወይም አዕዋፍና እንስሳት በመነጽር መመልከት የሚወድ ሰው ባሌን ይምረጥ። ከሁለቱም ዓይነት ሰዎች መካከል የምሆን እኔ፣ አንዱን ብቻ ምረጥ ብባል ስሜንን እመርጣለሁ፤ አባቴን ይዤ የምሄድ ከሆነ ግን ያለ ምንም ማመንታት ባሌን። ድንኳን ውስጥ አድሮ የማያውቅና ራሱን መፈተን የሚፈልግ ሰው ሁለት ሌሊት በጓሳ ቢጀምር፣ ብርዱንም ከፍታውንም ሳይጎዳ ያውቀዋል።

የጸጥታው ጉዳይ ግን ከዚህ ሁሉ ይቀድማል። በአማራ ክልል ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ የተስፋፋው ግጭት ወደ ስሜንም ሆነ ወደ ጓሳ የሚወስዱትን መንገዶች ነክቷል። ስለዚህ ቀን ከመቁረጥ በፊት ከፓርኩ ጽሕፈት ቤት፣ ከአካባቢው አስጎብኚዎችና በመንገዱ ላይ ካሉ ሾፌሮች፣ ለየብቻቸው፣ ስለ ሰሞኑ ሁኔታ መጠየቅ ያስፈልጋል፤ ሦስቱም መንገዱ ክፍት ነው ካላሉ መነሣት አይገባም። ጉዞው በዚህ ምክንያት ለተሰረዘበት ሰው ከአዲስ አበባ ብዙ የማይርቀው ወንጪ አለ። በአምቦና በወሊሶ መካከል፣ ከ3,000 ሜትር በላይ ከሚገኘው የእሳተ ገሞራ አፍ ጠርዝ ላይ ቆሞ ሐይቁን ከላይ ካዩ በኋላ፣ በፈረስ ወይም በእግር ወደ ውሃው መውረድ፣ ከዚያም በጀልባ ቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን ወዳለበት ደሴት መሻገር ይቻላል። ማልዶ የተነሣ ሰው ይህን ሁሉ አድርጎ በዚያው ቀን ይመለሳል።